ፕሮሰሰር ሳይጎዳ ኦቨርክሎክ አደራረግ፦ በራይዘን 5 5600 ለጀማሪዎች

ኦቨርክሎክ ማለት ፕሮሰሰርን ከፋብሪካው ፍጥነት በላይ ማሠራት ነው። ፕሮሰሰርን የሚገድለው ፍጥነት አይደለም፤ ቮልቴጅና ሙቀት ናቸው። ፍጥነቱን ከአቅሙ በላይ ብትጭኑበት ኮምፒውተሩ ስታክ ያደርጋል፣ ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል ወይም ራሱ ሪስታርት ያደርጋል። ቁጥሩን ወደ ነበረበት ስትመልሱት እንደ ድሮው ይሠራል። ቮልቴጅ ሲበዛበት ግን በውስጡ ያሉት ከፀጉር እጅግ የቀጠኑ የብረት መስመሮች ቀስ በቀስ ይሸረሸራሉ፣ ያ ጉዳት ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ ፍጥነቱን በድፍረት መሞከር ይቻላል፤ ቮልቴጁን ግን በስስት ነው መስጠት ያለባችሁ። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ ሐሳብ የሚነሣ ነው።

ሒሳቡን አንድ ጊዜ ማየት ይጠቅማል። ፕሮሰሰር ሲሠራ የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ ይጨምራል፤ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ነው የሚጨምረው። በ1.20 ቮልት 4.4 ጊጋኸርዝ የሚሄድ ፕሮሰሰር አለ እንበል። ወደ 4.7 ጊጋኸርዝ ለመድረስ 1.35 ቮልት ብትሰጡት የፍጥነት ጭማሪው 7 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ኃይሉስ? 1.35 ለ1.20 ተካፍሎ፣ ውጤቱ በራሱ ተባዝቶ፣ ከዚያ በ1.07 ሲባዛ 1.35 ይመጣል። ለ7 በመቶ ፍጥነት 35 በመቶ ተጨማሪ ኃይል ከፈላችሁ ማለት ነው፣ ያ ኃይል ሁሉ ደግሞ ወደ ሙቀት ይለወጣል። የመጨረሻዋ 100 ሜጋኸርዝ ሁልጊዜ ውድ የምትሆነው ለዚህ ነው።

የእናንተ ኮምፒውተር ይፈቅዳል ወይ?

ምሳሌ አድርገን የያዝነው ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2022 ያወጣውን ራይዘን 5 5600 ነው። 6 ኮር (ራሱን የቻለ የሥራ ክፍል) እና 12 ትሬድ (በአንድ ጊዜ የሚያስኬደው የሥራ መስመር) አለው፤ መነሻ ፍጥነቱ 3.5 ጊጋኸርዝ፣ በራሱ የሚደርስበት ከፍተኛ ፍጥነት ደግሞ 4.4 ጊጋኸርዝ ነው። በወረቀት 65 ዋት ይባላል፤ ፋብሪካው የፈቀደለት እውነተኛ ጣሪያ ግን 76 ዋት ነው። የሙቀት ገደቡ 90 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የመረጥነው ዋጋው መካከለኛ ስለሆነ፣ ለመቀዝቀዝ ስለማያስቸግር፣ ከፋብሪካ ፍጥነቱ በላይም የተወሰነ የተደበቀ አቅም ስላለው ነው።

ማዘርቦርዱ እንደ ቢ450፣ ቢ550፣ ኤክስ470 ወይም ኤክስ570 ያለ መሆን አለበት። ኤ320 እና ኤ520 ለዚህ ሥራ አልተፈቀዱም። በኢንቴል በኩል ሁለት ነገር አብረው ያስፈልጋሉ፤ በስሙ መጨረሻ ላይ ኬ ፊደል ያለበት ፕሮሰሰር፣ ለምሳሌ ኮር አይ5 12600ኬ፣ እና እንደ ዜድ690 ያለ የዜድ ማዘርቦርድ። ኬ ፕሮሰሰር በቢ660 ላይ ብትሰኩ ራሙን ማፍጠን ትችላላችሁ፤ የፕሮሰሰሩን ማባዣ (ፍጥነቱን የሚወስነውን ቁጥር) ግን አትነኩም። ራይዘን 7 5800ኤክስ3ዲ ያለው ሰውም ማባዣው የተቆለፈ መሆኑን ይወቅ፤ ከላዩ የተደረበው ካሽ (ፈጣን ማከማቻ) ከፍ ያለ ቮልቴጅና ሙቀት አይችልም።

በአገራችን በብዛት የሚሸጡት ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች፣ እንደ ዴል ኦፕቲፕሌክስና ኤችፒ ኤሊትዴስክ ያሉት፣ ባዮሳቸው (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚሠራው መሠረታዊ ፕሮግራም) ይህን አይፈቅድም። እዚያ ላይ ጊዜ አታባክኑ። ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ መቀየርና አንድ ብቻ የተሰካ ራም ካለ ጥንዱን መጨመር ከማንኛውም ኦቨርክሎክ የበለጠ ልዩነት ያመጣል።

አንድ ነገር አስቀድማችሁ እወቁ፤ ኤኤምዲ በኦቨርክሎክ ምክንያት የሚመጣን ጉዳት በዋስትናው አይሸፍንም።

መጀመሪያ ማቀዝቀዣው

ከ5600 ጋር በካርቶኑ ውስጥ የሚመጣው ሬይዝ ስቴልዝ ኩለር ትንሽ የአሉሚኒየም ጉብታ ነው፤ ሙቀት የሚያስተላልፍ የመዳብ ቱቦ የለውም። ለፋብሪካው ፍጥነት ይበቃል፣ ለዚህ ሥራ ግን አይበቃም። ቢያንስ አራት የመዳብ ቱቦና ባለ 120 ሚሊሜትር ፋን ያለው ታወር ኩለር ያስፈልጋል። የውሃ ማቀዝቀዣ ለዚህ ፕሮሰሰር አስፈላጊ አይደለም፤ ገንዘቡን ለፓወር ሰፕላይ አውሉት። ከመግዛታችሁ በፊት የኬዛችሁን ስፋት ለኩ፤ ታወር ኩለሮች ብዙውን ጊዜ ከ150 እስከ 160 ሚሊሜትር ቁመት ስላላቸው በጠባብ ኬዝ ላይ የጎን ክዳኑ አልዘጋ ይላል።

አሮጌውን ኩለር ስትነቅሉ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቦታ አለ። የኤኤም4 (5600 የሚሰካበት የሶኬት ዓይነት) ፕሮሰሰር 1331 እግሮቹ ከራሱ ከፕሮሰሰሩ ሥር ናቸው፤ ሶኬቱ ደግሞ ከላይ የሚይዝ ክዳን የለውም። የደረቀ ቴርማል ፔስት (ሙቀት ወደ ኩለሩ የሚያስተላልፈው ቅባት) እንደ ሙጫ ይሆናል፣ ኩለሩን ቀጥ አድርጋችሁ ስትስቡ ፕሮሰሰሩ ከሶኬቱ ተነቅሎ አብሮ ይመጣል፣ እግሮቹም ይታጠፋሉ። ይህ እንዳይሆን ኮምፒውተሩን ከባድ ሥራ እያሠራችሁ አሥር ደቂቃ አሙቁት፣ አጥፉት፣ የኃይል ገመዱን ንቀሉ፣ ዊንጮቹን ፍቱ፤ ከዚያ ኩለሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ በቀስታ አዙሩት። ሲላቀቅ ይሰማችኋል፤ የምታነሡት ያን ጊዜ ነው። የስቴልዝ ኩለር ዊንጮች ሲፈቱ ከማዘርቦርዱ ጀርባ ያለው ብረት ነጻ ሆኖ ይወድቃል፤ ኬዙን በጎኑ አስተኝታችሁ ከጀርባ በእጃችሁ ደግፉት።

የፕሮሰሰሩን ገጽ በአልኮል፣ ከተገኘ 90 በመቶ በላይ በሆነ አይሶፕሮፒል፣ ጥጥ በማይለቅ ጨርቅ ጥረጉ። ከዚያ የአተር ፍሬ የምታህል ቴርማል ፔስት መሐል ላይ አስቀምጡ። ኩለሩ ሲጫነው ራሱ ይሰራጫል። ዊንጮቹን አንዱን እስከ መጨረሻ አጥብቃችሁ ወደ ሌላው አትሂዱ፤ በመስቀለኛ አቅጣጫ፣ ጥቂት ጥቂት እያላችሁ አጥብቁ። ከአዲሱ ኩለር ሥር የተለጠፈውን ስስ ፕላስቲክ መላጣችሁን አረጋግጡ። ይህን ረስቶ 90 ዲግሪ የሚያይ ሰው ብዙ ነው። የፋኑን ገመድ ሲፒዩ ፋን በተጻፈበት ቦታ ላይ ሰኩ።

ፓወር ሰፕላዩ ስሙ የታወቀ፣ 550 ዋት አካባቢና ቢያንስ ኤይቲ ፕላስ ብሮንዝ (የኃይል አጠቃቀም ብቃት ደረጃ) የሆነ ይሁን። ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ጭነት ሲበዛበት ቮልቴጁ ይወርዳል፤ እናንተ ጥፋቱ የፕሮሰሰሩ እየመሰላችሁ ቀኑን ሙሉ ባዮስ ውስጥ ትደክማላችሁ። ማዘርቦርዱ ላይ ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያሉት የኃይል መቆጣጠሪያዎች፣ ቪአርኤም የሚባሉት፣ የብረት መከላከያ ለብሰው ከሆነ ጥሩ ነው። ራቁታቸውን ከሆኑ ወደ ታች ከምናስቀምጣቸው ቀይ መስመሮች በታች ቁሙ።

ከመንካታችሁ በፊት ለኩ

ኤችደብሊው ኢንፎ (ሙቀትና ቮልቴጅ የሚያሳይ)፣ ሲነቤንች አር23 (ፍጥነትን በነጥብ የሚለካ) እና ኦሲሲቲ (ጽናትን የሚፈትን) የሚባሉትን ፕሮግራሞች ከየራሳቸው ድረ ገጽ አውርዱ። ባዮሱን ወደ ቅርብ ጊዜ የተረጋጋ ስሪት አድሱ። ይህ ከሥራው ሁሉ መብራት መጥፋት የሌለበት ሰዓት ነውና ያለ ዩፒኤስ አትጀምሩ። በእድሳቱ መሐል ኃይል ከተቋረጠ ማዘርቦርዱ ላይነሣ ይችላል።

አሁን ሁሉም ነገር በፋብሪካው ልክ እንዳለ፣ የራሙ ኤክስኤምፒ (ራሙን በተሠራበት ሙሉ ፍጥነት የሚያስኬደው ቅንብር) ጠፍቶ፣ ሲነቤንችን በሁሉም ኮር ለአሥር ደቂቃ አሂዱ። አራት ነገር በወረቀት ጻፉ፤ ውጤቱን፣ ኤችደብሊው ኢንፎ ላይ ቲሲቲኤል/ቲዳይ በሚለው መስመር የታየውን ከፍተኛ ሙቀት፣ ሥራው ላይ እያለ ያለውን ቮልቴጅ፣ እና የኮሮቹን ፍጥነት። የክፍሉንም ሙቀት ጨምሩበት። 5600 በፋብሪካ ፍጥነቱ 11 ሺህ አካባቢ ነጥብ ያመጣል። ከዚያ በጣም ያነሰ ካያችሁ ወደ ኦቨርክሎክ አትሂዱ፤ ኩለሩ በትክክል አልተቀመጠም ወይም ሌላ ፕሮግራም ከጀርባ እየሠራ ነው።

ኤክስኤምፒን ያጠፋነው በምክንያት ነው። ራምና ፕሮሰሰር በአንድ ጊዜ ከተነኩ ኮምፒውተሩ ሲወድቅ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። ትዕግሥት የሚፈትን ሕግ ነው፣ የሚያድናችሁም እሱ ነው።

ባዮስ ውስጥ

ኮምፒውተሩ ሲነሣ ዲሊት ወይም ኤፍ2ን ደጋግማችሁ ተጫኑ። የምትፈልጉት ገጽ በአሱስ ኤአይ ትዊከር፣ በኤምኤስአይ ኦሲ፣ በጊጋባይት ትዊከር፣ በአዝሮክ ኦሲ ትዊከር ይባላል። የምትነኩት ሦስት ቦታ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው የሲፒዩ ሬሺዮ ወይም ማባዣ ነው። መሠረታዊው ክሎክ 100 ሜጋኸርዝ ስለሆነ 44 ብትጽፉ 4.4 ጊጋኸርዝ፣ 45.5 ብትጽፉ 4.55 ጊጋኸርዝ ይሆናል። ራይዘን በ0.25 ስለሚጨምር በ25 ሜጋኸርዝ ደረጃ መሄድ ይቻላል። መሠረታዊውን ክሎክ ራሱን አትንኩ፤ ከፕሮሰሰሩ ጋር የግራፊክስ ካርዱንና የኤስኤስዲውን መስመር አብሮ ስለሚያንቀሳቅስ ፋይል እስከማበላሸት ይደርሳል።

ሁለተኛው የሲፒዩ ኮር ቮልቴጅ ነው። አውቶ ከሚለው አውጥታችሁ ማንዋል ወይም ኦቨርራይድ አድርጉትና 1.20 ጻፉ። ማባዣውን በእጅ ከፍ አድርጎ ቮልቴጁን በአውቶ መተው ጀማሪዎች ከሚሠሩት ስህተት ሁሉ የከፋው ነው። ማዘርቦርዱ ኮምፒውተሩ እንዳይወድቅ ብቻ ብሎ ከሚያስፈልገው በላይ ይሰጣል።

ሦስተኛው ሎድ ላይን ካሊብሬሽን ነው። ፕሮሰሰር ከባድ ሥራ ሲጀምር ቮልቴጁ ዝቅ ይላል፤ 1.25 ጽፋችሁ በሥራ ላይ 1.21 ልታነቡ ትችላላችሁ። ይህ ብልሽት አይደለም፣ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። ካሊብሬሽኑ ይህን መውረድ ይቀንሳል። በጣም ካጠነከራችሁት ግን ከባዱ ሥራ ድንገት ሲቆም ቮልቴጁ ከጻፋችሁት በላይ ለቅጽበት ይዘላል፤ ያቺ ቅጽበት በጣም አጭር ስለሆነች በፕሮግራም ላይ አትታይም። ስለዚህ መካከለኛውን ምረጡ። የደረጃዎቹ ቁጥር ከፋብሪካ ፋብሪካ ይገለባበጣል፤ በአሱስ ትልቁ ቁጥር ጠንካራው ነው፣ በኤምኤስአይና በአዝሮክ ግን ጠንካራው 1 ነው። ጊጋባይት በስም ነው የሚጠራቸው፤ ሚዲየም የሚለውን ያዙ። ይህን ሳያዩ ከሌላ ማዘርቦርድ የተቀዳ ቁጥር መጻፍ አደገኛ ነው።

ማባዣውን 44፣ ቮልቴጁን 1.20 አድርጋችሁ በኤፍ10 አስቀምጡና ውጡ።

ደረጃ በደረጃ

ዊንዶውስ ከተነሣ ሲነቤንችን አሥር ደቂቃ አሂዱ። ካለፈ ወደ 45 ውጡ፣ እንደገና ሞክሩ። እስኪወድቅ ድረስ ቮልቴጁን ሳትነኩ በ50 ሜጋኸርዝ ጨምሩ። ሲወድቅ 0.0125 ቮልት ብቻ ጨምራችሁ ያንኑ ፍጥነት ድገሙ። ካለፈ ወደሚቀጥለው ሂዱ። እያንዳንዱን ሙከራ፣ የወደቀውንም ጭምር፣ ፍጥነት፣ ቮልቴጅ፣ ሙቀት፣ ነጥብ እያላችሁ ጻፉ።

ሁለት ቀይ መስመር አስቀምጡ። በከባድ ሥራ ላይ የሚነበበው ቮልቴጅ ከ1.30 አይለፍ፤ ሙቀቱም በከባዱ ፈተና ከ85 ዲግሪ አይለፍ። እነዚህን ያስቀመጥነው ኮምፒውተሩ ለዓመታት እንዲያገለግል አስበን ነው፤ የበለጠ የሚደፍር ሰው አለ፣ ለጀማሪ ግን አንመክርም። ከሁለቱ ቀድማችሁ የደረሳችሁበት መስመር ያቆማችኋል። የተዋጣለት ቺፕ ያገኘ ሰው በ1.25 አካባቢ 4.65 ሊደርስ ይችላል፤ ሌላው በዚያው ቮልቴጅ 4.5 ላይ ይቆማል። ሁለቱም 5600 ናቸው፣ ልዩነቱ ከሲሊከኑ አፈጣጠር የመጣ ዕጣ ነው። የሌላ ሰው ቁጥር የእናንተ መነሻ ሊሆን ይችላል፣ ግዴታችሁ ግን አይደለም።

ግድግዳው ሲመጣ በግልጽ ይታያል። 50 ሜጋኸርዝ ለመጨመር እስካሁን 0.0125 ወይም 0.025 ቮልት ይበቃ ከነበረ፣ ድንገት 0.05 ሲጠይቅ ቺፑ አቅሙን ጨርሷል። ያን ጊዜ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ተመለሱና እዚያ ተቀመጡ።

አንድ ወጥመድ አለ፣ ብዙ ሰው የሚያሳስት። ፕሮሰሰሩ በፋብሪካው ልክ እያለ ኤችደብሊው ኢንፎ ላይ አንዳንዴ ከ1.40 በላይ ቮልት ታያላችሁ። ይህን አይቶ «ፋብሪካው ራሱ 1.40 ከሰጠ እኔም ብሰጥ ምን አለበት» የሚል አለ። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ፋብሪካው ያን ቮልቴጅ የሚሰጠው አንድ ወይም ሁለት ኮር ቀላል ሥራ ሲሠሩ፣ የሚፈሰው ከረንት ትንሽ ሲሆን ብቻ ነው፣ ሥራው ሲከብድም ወዲያው ያወርደዋል። በእጅ የተጻፈ ቮልቴጅ ግን ስድስቱም ኮሮች ሙሉ ጭነት ላይ እያሉ እዚያው ይቆያል። የሚሸረሽረው ከፍተኛ ቮልቴጅ፣ ከፍተኛ ከረንትና ሙቀት አንድ ላይ ሲገናኙ ነው።

ጽናቱን መፈተን

ሲነቤንች መግቢያ በር ነው እንጂ ማረጋገጫ አይደለም። የመጨረሻውን ቁጥር ካገኛችሁ በኋላ ኦሲሲቲን ለአንድ ሰዓት አሂዱ። ከዚያ ፕራይም95 የሚባለውን ፈታኝ ፕሮግራም ስሞል ኤፍኤፍቲ በሚለው ምርጫ ለግማሽ ሰዓት፤ ይህ ከሁሉ የሚያሞቀው ፈተና ስለሆነ ከኮምፒውተሩ አትራቁ፣ ሙቀቱ 85 ሲያልፍ አቁሙት። ቀጥሎ ራሙንም በሚፈትነው የብሌንድ ምርጫ ለጥቂት ሰዓታት። ፕራይም95 ላይ አንዱ ትሬድ የማጠጋጋት ስህተት አግኝቻለሁ ብሎ ከቆመ ኮምፒውተሩ ባይወድቅም ፈተናውን ወድቋል። አንድ ኮር የተሳሳተ መልስ ሰጠ ማለት ነው። ዛሬ በፈተና ላይ የተሳሳተው ነገ የተጨመቀ ፋይል ሲከፍት ወይም ቪዲዮ ሲያቀናብር ይሳሳታል፣ እናንተም ሳታውቁ የተበላሸ ፋይል ታስቀምጣላችሁ። ጨዋታ ብቻ የሚጫወት ሰው «አይወድቅብኝም» ብሎ ይህን ሲያልፈው እናያለን፤ የቤተሰቡ ፎቶና የትምህርት ሥራው ያለው ግን እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት አስፈላጊውን ፋይል ሌላ ቦታ ገልብጡ።

ከፈተናው በኋላ የዊንዶውስን ኢቨንት ቪወር ክፈቱና በሲስተም ሥር ዊያ ሎገር የሚል ምንጭ ካለ ተመልከቱ። ቁጥር 18 ከባድ ስህተት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ቮልቴጁ አነሰ ማለት ነው። 19 የታረመ ስህተት ነው፤ በራይዘን 5000 ላይ ብዙ ጊዜ የሚመጣው የራሙና የፕሮሰሰሩ የውስጥ መስመር (ኮሮቹን ከራሙ ጋር የሚያገናኘው) ፍጥነት ሲበዛ ነው።

ሁሉም ካለፈ ኤክስኤምፒን መልሱና በሜምቴስት86 ራሙን ለብቻው ፈትኑ። ለዚህ ፕሮሰሰር እስከ 3600 የሚሄድ ዲዲአር4 ከውስጥ መስመሩ ጋር አንድ ለአንድ ስለሚሄድ ከዚያ በላይ ለመሄድ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም።

ሲበላሽ ምን ማለት ነው?

በሥራ መሐል ክሎክ ዋችዶግ ታይምአውት የሚል ሰማያዊ ስክሪን ከመጣ ቮልቴጁ ለዚያ ፍጥነት አልበቃም፤ 0.0125 ጨምሩ ወይም 50 ሜጋኸርዝ ቀንሱ። ያለ ምንም መልእክት ስክሪኑ ጠቁሮ ወዲያው ከተነሣም ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ያው ነው፤ አንዳንዴ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ ወይም ቪአርኤሙ ራሱን ሲከላከል ነው። ሙቀቱ 90 ደርሶ ፍጥነቱ ዝቅ ካለ ፕሮሰሰሩ ራሱን እያዳነ ነው፤ መፍትሔው ከማቀዝቀዣው ወይም ከቮልቴጁ ነው፣ የሙቀት ገደቡን ማንሣት ግን መፍትሔ አይደለም።

በጣም ተንኮለኛው ችግር የማይወድቀው ነው። ቮልቴጁ ጥቂት ሲያንስ ራይዘን ላለመውደቅ ክሎኩን ይለጥጠዋል፤ ስክሪኑ ላይ 4.6 ተብሎ ተጽፎ እያለ ነጥቡ ከ4.5 በታች ይሆናል። ለዚህ ነው ነጥቡን በየደረጃው ጻፉ ያልነው። ፍጥነት ጨምራችሁ ነጥቡ ካልጨመረ ወይም ከቀነሰ፣ ኤችደብሊው ኢንፎ ላይ ኢፌክቲቭ ክሎክ የሚለውን ተመልከቱ። በሙሉ ጭነት ላይ እያለ ከጻፋችሁት በብዙ ካነሰ ያ ፍጥነት የውሸት ነው።

ኮምፒውተሩ ጭራሽ ካልተነሣ አትደንግጡ። ብዙ ማዘርቦርዶች ጥቂት ጊዜ ሞክረው ሲያቅታቸው ወደ ፋብሪካው ቁጥር ራሳቸው ይመለሳሉ። ካልተመለሰ የኃይል ገመዱን ከግድግዳው ንቀሉ፣ የማብሪያውን ቁልፍ ጥቂት ጊዜ ተጫኑና የቀረውን ኃይል አፍስሱ፣ ክብ ባትሪውን አውጥታችሁ አምስት ደቂቃ ቆዩና መልሱት። ወይም ማዘርቦርዱ ላይ ክሊር ሲሞስ የተጻፈባቸውን ሁለት ፒኖች በዊንጭ መፍቻ ጫፍ ለአሥር ሰከንድ አገናኙ። ይህን የምታደርጉት ገመዱ ተነቅሎ እያለ ብቻ ነው።

ለዕለት ሥራ የምንመርጠው መንገድ

በእጅ ማባዣ መጻፍ የፍጥነት፣ የቮልቴጅና የሙቀት ዝምድና በእጅ እንዲዳሰስ ያደርጋል፤ ለዚህም ነው ያስቀደምነው። ለዘወትር አገልግሎት ግን በራይዘን 5000 ላይ የምንመርጠው ፕሪሲዥን ቡስት ኦቨርድራይቭን (ፒቢኦ፣ ፕሮሰሰሩ ራሱ ፍጥነት የሚጨምርበትን ገደብ የሚያሰፋ) ከከርቭ ኦፕቲማይዘር (ቮልቴጁን በጥቂቱ የሚቀንስ) ጋር ነው። ይህ የፋብሪካውን ብልሃት አይሽርም፤ ሥራው ሲቀል ቮልቴጁ ይወርዳል፣ አንድ ኮር ብቻ ሲሠራ ደግሞ ፍጥነቱ ከፍ ይላል።

ማባዣውንና ቮልቴጁን ወደ አውቶ መልሱ። እዚህ ላይ አውቶ ትክክለኛው ነው። ፒቢኦን ወደ አድቫንስድ አድርጉና ገደቦቹን ጻፉ። የፋብሪካው ፒፒቲ (የኃይል ጣሪያ) 76 ዋት፣ ቲዲሲ (የዘለቄታ ከረንት ጣሪያ) 60 አምፔር፣ ኢዲሲ (የቅጽበት ከረንት ጣሪያ) 90 አምፔር ነው፤ በታወር ኩለር 100፣ 70 እና 100 መካከለኛ መነሻ ነው። ማክስ ቡስት ኦቨርራይድን በ100 ሜጋኸርዝ ጀምሩ፤ ጣሪያው 200 ነው። ከዚያ ከርቭ ኦፕቲማይዘርን በኦል ኮር ኔጋቲቭ 10 አድርጉ። እያንዳንዱ ቁጥር ከ3 እስከ 5 ሚሊቮልት ይቀንሳል። ካለፈ ወደ 15፣ ከዚያ ወደ 20 ሂዱ። ቮልቴጅ ቀንሳችሁ ፍጥነት የምታገኙት በዚህ ነው፤ የተረፈው ሙቀትና ኃይል ወደ ፍጥነት ይዞራል።

የዚህ መንገድ ችግር በከባድ ሥራ ላይ አይታይም። የሚወድቀው ኮምፒውተሩ ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ ወይም ብሮውዘር ሲከፈት ነው፤ አንድ ኮር ለብቻው ወደ ከፍተኛው ፍጥነት ሲዘል የተቀነሰው ቮልቴጅ ያንሰዋል። ስለዚህ ሲነቤንች በሁሉም ኮር ማለፉ ምንም አይነግራችሁም። ኮርሳይክለር የሚባለው ነጻ ፕሮግራም ኮሮቹን አንድ በአንድ ይፈትናል፤ ሌሊቱን ተዉት። የወደቀውን ኮር ቁጥር ይነግራችኋል፤ ከርቩን ወደ ፐር ኮር ቀይራችሁ ያንን ኮር ብቻ 5 ቁጥር መልሱለት።

አዳዲሶቹን ፕሮሰሰሮች የያዘ ሰው ቮልቴጅ ምን ያህል ቀልድ እንደማያውቅ ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በ2023 ራይዘን 7000 ኤክስ3ዲ ቺፖች ሶኬታቸው ላይ ሲቃጠሉ ኤኤምዲ የሶሲ ቮልቴጁን (ከኮሮቹ ውጭ ላለው የቺፑ ክፍል የሚሰጠውን) 1.30 ላይ ገደበው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኢንቴል የ13ኛና የ14ኛ ትውልድ ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮቹ ራሳቸው በሚጠይቁት ከፍ ያለ ቮልቴጅ እየተጎዱ መሆኑን አሳውቆ 0x129 የተባለውን ማይክሮኮድ (በባዮስ እድሳት የሚመጣ የፕሮሰሰሩ የውስጥ ማስተካከያ) አወጣ፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዘመ። እነዚህ ፕሮሰሰሮች ካሏችሁ የባዮስ እድሳቱ ከማንኛውም ኦቨርክሎክ ይቀድማል።

ስለ ከፍታ፣ ስለ ሙቀትና ስለ መብራት

ኩለር የሚሠራው ከክፍሉ ሙቀት በላይ ነው። ክፍሉ በ10 ዲግሪ ሲሞቅ ፕሮሰሰሩም በዚያው ልክ ይሞቃል። በአዲስ አበባ በሐምሌ ብርድ 78 ዲግሪ ላይ የቆመ ቅንብር በሰመራ፣ በድሬዳዋ፣ ወይም ኤሲ በጠፋበት የዱባይ ክፍል ቀዩን መስመር ያልፋል። ፈተናውን በዓመቱ ሞቃት ወር አንድ ጊዜ ድገሙት።

ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው አዲስ አበባ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ ሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት የሚያነሣው ሙቀት ያነሰ ነው። ቆላ ባለ አገር ሰው የለካውን የኩለር ውጤት አንብባችሁ በዚያ አትተማመኑ፤ ፋኑን ከፍ አድርጉ፣ ከኬዙ ፊት አየር የሚያስገባ፣ ከኋላ የሚያስወጣ ፋን ይኑር። በበጋ አቧራ ደግሞ የኩለሩ ክንፎች ቶሎ ስለሚደፈኑ በየሦስት ወሩ አጽዱት።

መብራት በሚቆራረጥበትና ቮልቴጅ በሚዋዥቅበት ቤት ዩፒኤስ የግድ ነው። ኃይል ተቋርጦ ሲመለስ የሚመጣው ምት ፓወር ሰፕላዩን ይጎዳል፤ በፈተና መሐል የመጣ መቋረጥም እንደ ኦቨርክሎክ ውድቀት ስለሚመስል መዝገባችሁን ያሳስታል። መብራት ጠፍቶ ከነበረ ያን ሙከራ ሰርዛችሁ ድገሙት።

የመጨረሻውን ቅንብር ባዮስ ውስጥ ፕሮፋይል ብላችሁ አስቀምጡ፤ በዚያ ብቻ ግን አትተማመኑ። ባዮስ ሲታደስ የተቀመጡት ፕሮፋይሎች ብዙ ጊዜ ይጠፋሉ፣ ከአሮጌው ስሪት የተቀመጠ ፕሮፋይልም በአዲሱ ላይ ላይጫን ይችላል። የየገጹን ፎቶ በስልካችሁ አንሡ፣ ቁጥሮቹንም በወረቀት ጽፋችሁ ከኬዙ የውስጥ ክዳን ላይ ለጥፉ። ከእድሳት በኋላ ቁጥሮቹን በእጅ መልሳችሁ ኦሲሲቲን ለአንድ ሰዓት እንደገና አሂዱ፤ አዲሱ ባዮስ በዚያው ቁጥር ትንሽ ለየት ያለ ቮልቴጅ ሊሰጥ ይችላልና።